የግፊት ኪኒን እየዋጡ በደህና ለመኖር፦ እብጠቱ፣ ሳሉ፣ ማዞሩ ከየት ይመጣል?

ግፊት ብዙውን ጊዜ አያምም። ሰው ሥራውን እየሠራ፣ በልቶ ጠጥቶ እየኖረ ጤና ጣቢያ ጎራ ሲል ይለካና 165/100 ይባላል። ኪኒን ይጀምራል። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ማታ ማታ እግሩ ያብጣል፣ ወይም ደረቅ ሳል ይይዘዋል፣ ወይም ከወንበር ሲነሳ ዓይኑ ይጨልማል። «ያሳመመኝ መድኃኒቱ ነው» ብሎ ቢተወው አይፈረድበትም። እኔ በግፊትና ስኳር ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ኪኒኑንም ራሴ ለዓመታት እየወሰድኩ ነው። ከኪኒን የሚመጣ ችግር ከየትኛው መድኃኒት፣ ከስንት ሚሊግራም፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ከታወቀ አብዛኛው ይስተካከላል። ሰው የሚጎዳው ችግሩን ለብቻው ችሎ ሲኖር፣ አለዚያም ለማንም ሳይናገር ሲያቆም ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የኪኒንዎን ስም ይወቁ። «ነጯ፣ ክቧ» አይበቃም፤ ፋብሪካው ሲለወጥ ቀለሙም ቅርጹም ይለወጣል። እኛ አገር በብዛት የሚታዘዙት አምሎዲፒን (5 ወይም 10 ሚሊግራም)፣ ኢናላፕሪል (5 ወይም 10)፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ (25) እና ሎሳርታን (50) ናቸው፤ ኒፈዲፒን 20 ወይም አቴኖሎል የሚወስዱም አሉ። በማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የፋብሪካው የንግድ ስም ነው፤ እርስዎ የሚፈልጉት ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን ነው። ይህን ያልለየ ሰው ከሁለት ፋርማሲ በሁለት የንግድ ስም የገዛውን አንድ ዓይነት አምሎዲፒን ደርቦ ይውጣል። ውጭ ያለ ዘመድ በሚልከውም መድኃኒት ይኸው ይደርሳል። ከአሜሪካ የሚመጣው ሊሲኖፕሪል ከኢናላፕሪል ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ ሁለቱ አብረው አይወሰዱም። አንዳንዱ ደግሞ በአንድ ፍሬ ውስጥ ሁለት መድኃኒት የያዘ ነው፤ ሎሳርታን ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ተቀላቅሎ እንደሚመጣው። የሳጥኑን ፎቶ አንስተው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፤ ለሐኪምም ለፋርማሲም የሚያሳዩት እሱን ነው።

የእግር እብጠት የአምሎዲፒን ነው፤ ኒፈዲፒንም ያመጣዋል። መድኃኒቱ ደም ወደ እግር የሚያወርዱትን ቀጫጭን የደም ቧንቧዎች ያሰፋል፣ ደም የሚመልሱትን ግን ያን ያህል አያሰፋም። በመካከል ያለው ግፊት ውኃውን ወደ ሥጋው ይገፋዋል። ጠዋት ቀለል ይላል፣ ማታ ጫማ ይጠብባል፣ የካልሲው ክር ምልክቱን ትቶ ይቀራል። መጠኑ ወሳኝ ነው፤ በመድኃኒቱ ሙከራ ላይ 5 ሚሊግራም ከወሰዱት ከ100 ሰው 3 ገደማ፣ 10 ከወሰዱት ደግሞ ከ100 ወደ 11 ያህሉ አብጦባቸዋል፣ ሴቶች ላይም ይበዛል። እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ለእብጠቱ ላሲክስ የሚባለውን ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት መጨመር ነው። እብጠቱ ሰውነት ውኃ ስላጠራቀመ የመጣ ስላልሆነ ላሲክስ ብዙም አይፈይድለትም፤ ሰውየው ሽንት ቤት ሲመላለስ፣ ሲደክመውና ሲያዞረው ይውላል። የሚረዳው አምሎዲፒኑን ወደ 5 አውርዶ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን መጨመር ነው፤ እነዚህ ደም የሚመልሱትን ቧንቧዎችም ስለሚያሰፉ እብጠቱን ራሱን ይቀንሱታል። ማታ ጋደም ብሎ እግርን ከደረት ከፍ አድርጎ ግማሽ ሰዓት ማቆየትም ያሳርፋል። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከቀላ፣ ካመመ ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ። ጠዋት ፊት የሚያብጥ ከሆነ፣ ሽንት አረፋ የሚያበዛ ከሆነ፣ ወይም ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነም ጉዳዩ የኩላሊት ወይም የልብ ሊሆን ስለሚችል በአምሎዲፒን አያሳብቡት። በነገራችን ላይ አምሎዲፒን ድድም ሊያሳብጥ ይችላል። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ መድኃኒቱን መውሰድዎን ይናገሩ።

ሳሉ የኢናላፕሪል ነው። ደረቅ፣ ጉሮሮን የሚኮረኩር፣ ሌሊት የሚብስ ሳል ሲሆን ከአሥር ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። በተጀመረ በቀናትም በወራትም ሊመጣ ስለሚችል ሰው ከኪኒኑ ጋር አያያይዘውም። ሽሮፕ ይገዛል፣ አንቲባዮቲክ ይጨርሳል። ሁለት ሳምንት ሲያልፈው የቲቢ ምርመራ ይታዘዝለታል፤ መመርመሩ ትክክል ነው፣ በተለይ አክታ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም መክሳት ካለ መቅረት የለበትም። ግን ለሚመረምርዎ ባለሙያ «ኢናላፕሪል እወስዳለሁ» ማለትን አይርሱ፤ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የወራት መንከራተትን ታስቀራለች። ኢናላፕሪል በሎሳርታን ሲተካ ሳሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይጠፋል፤ አልፎ አልፎ እስከ 3 ወር ይቆያል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን «አልተወኝም» ብለው ተስፋ አይቁረጡ። ከሳሉ የተለየና አስጊ የሆነ ነገር አለ፦ ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት በድንገት ማበጥ። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፣ በአፍሪካ ተወላጆች ላይ ግን ከሌሎች ይበዛል። ሲደርስ ኪኒኑን ወዲያው አቁመው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ከዚያ በኋላ ኢናላፕሪልም ሆነ የዚያ ቤተሰብ መድኃኒት ዳግመኛ አይወሰድም፤ ካርድዎም ላይ ይጻፍ።

ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያበዛል፤ በተዋጠ በሁለት ሰዓት ጀምሮ በአራተኛው ሰዓት ላይ ይበረታል። ሌሊት እንዳያነሳ ጠዋት ይወሰዳል። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው አውቶቡሱ በየት እንደሚቆም ስለማያውቅ ኪኒኑን ከነጭራሹ ይተወዋል። መተው አያስፈልግም፤ ለዚያ ቀን ብቻ ከደረሱ በኋላ መውሰድ ይቻላል። መመላለሱም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይረግባል። የባት ቁርጠትና ድካም በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን መቀነሱን ሊያመለክት ስለሚችል ያስመርምሩት። የእግር አውራ ጣት ድንገት ቀልቶ ማቃጠል ሪህ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ኪኒን ሪህ ስለሚቀሰቅስ ሪህ ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር። ከ12.5 እስከ 25 ሚሊግራም ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ግፊቱ ላይ የሚጨምረው ጥቂት፣ ጉዳቱ ግን ብዙ ነው።

አቴኖሎል ድካም ያመጣል፣ እጅና እግር ያቀዘቅዛል፣ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። በአንድ ቀን ማቆም ግን አይቻልም፤ ልብ መምታቱ ይፈጥናል፣ የልብ ሕመም ያለበትን ደግሞ ለከፋ ነገር ይዳርጋል። ቀስ በቀስ በሐኪም ነው የሚቀነሰው።

ሰዎች ሁለተኛ ኪኒን ሲጨመርላቸው «በሽታዬ ባሰ» ብለው ይደነግጣሉ። እኔ በተቃራኒው ደስ ይለኛል። አንዱን ኪኒን እጥፍ ማድረግ ግፊቱን የሚያወርደው በጥቂቱ ነው፣ የጎንዮሽ ጉዳቱን ግን በደንብ ያበዛዋል፤ ሁለት ዓይነት በትንሽ በትንሹ መውሰድ ግፊቱንም ያወርዳል፣ ሰውነትንም ያሳርፋል። የትኞቹ ሁለት ቢጣመሩ ይሻላል ለሚለውም በ2019 ውጤቱ የወጣው፣ ናይጄሪያንና ኬንያን ጨምሮ በስድስት የአፍሪካ አገሮች የተካሄደው ጥናት መልስ አለው፦ አምሎዲፒን ያለባቸው ጥንዶች ከሌሎቹ በልጠዋል። በአምሎዲፒን 10 እግርዎ እያበጠ ግፊትዎ አሁንም 150 ላይ ከሆነ «5 ሆኖ ሌላ ቢጨመርልኝስ?» ብለው ይጠይቁ።

ማዞር የሁሉም ኪኒን ሊሆን ይችላል። ከተኙበት ወይም ከተቀመጡበት ሲነሱ ደም ወደ እግር ይወርዳል፣ መድኃኒቱ ያላላው ቧንቧ ቶሎ አይኮማተርም፣ ጭንቅላት ለቅጽበት ደም ያጥረዋል። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ፣ ረጅም ቅዳሴ ቆመው፣ ስግደት ላይ ሲነሱ ሲወድቁ፣ ሙቀት ባለበት አገር፣ ተቅማጥ ሲኖር ይብሳል። አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቁርጭምጭሚትዎን ደጋግመው ያንቀሳቅሱ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆዩ፣ ከዚያ ይነሱ። መለኪያ ካለዎት ጋደም ብለው ይለኩ፤ ቆመው በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ይድገሙት። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ለሐኪም የሚነገር ነገር ነው። ለፕሮስቴት የሚሰጡ መድኃኒቶችም ይህን ያባብሳሉ። ዕድሜ ለገፋ ሰው የግፊቱ ቁጥር ማማሩ ብቻውን አይበቃም፤ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ምን ዋጋ አለው?

ጾም ላይ ብዙ ሰው በራሱ መንገድ ነው የሚሄደው። በሁዳዴ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምስ ሰው የጠዋቱን ኪኒን ይዘላል፣ ከዚያ ጨርሶ ይረሳዋል። መፍትሔው ሰዓቱን ማዛወር ነው። በብሪታንያ ከ21,000 በላይ ሰዎች ላይ ተሠርቶ ውጤቱ በ2022 የወጣ ጥናት ጠዋት በሚወስዱትና ማታ በሚወስዱት መካከል በልብ ድካምም በስትሮክም ልዩነት አላገኘም። አምሎዲፒን ማታ 1 ሰዓት ቢወሰድ ችግር የለውም፤ ዋናው በየቀኑ አንድ ሰዓት መያዙ ነው። በረመዳን ሃይድሮክሎሮታያዛይድን ከሱሁር ይልቅ ኢፍጣር ላይ መውሰድ ይሻላል፤ አለዚያ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ ውኃ ሲያስወጡ ይውላሉ። በቀን ሁለቴ የሚወስዱ ከሆነ ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ወደ አንዴ እንዲዛወርልዎ ይጠይቁ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ወይም በቅርቡ ስትሮክ የመታው ሰው ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይነጋገር። ጸበል የሚሄድ ሰው ኪኒኑን ይዞ ይሂድ። እዚያ ብዙ ጸበል ጠጥቶ ማስመለስና ማስቀመጥ ስላለ፣ ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል።

ይኸው ደንብ ጸበል ለማይሄደውም ይሠራል። ትውከት ወይም ተቅማጥ ሲበረታ እነዚህን ሦስቱን መልሰው መብላትና መጠጣት እስኪችሉ ድረስ ለአንድ ሁለት ቀን ማቆየት ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ወደሚከታተልዎ ባለሙያ ደውለው ይጠይቁ። የሕመም ማስታገሻም እዚሁ ላይ ይነሳ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊት ይጨምራሉ፣ ከኢናላፕሪልና ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ሲደረቡ ደግሞ ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊያደክሙ ይችላሉ። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ከሰፈር ፋርማሲ የሚገዙት እነዚህኑ ስለሆነ «የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ» ሳይሉ አይግዙ። ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ውኃ ውስጥ እየፈላ የሚሟሟው ዓይነት ግን ብዙ ሶዲየም ስላለው እሱን ይተዉት። አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ የጉንፋን ኪኒኖችም ግፊት ያስነሳሉ።

ስለ ወሲብ ወንዶች አይናገሩም፤ ኪኒኑን ያቆማሉ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድና አቴኖሎል የብልት መቆም ችግር ሊያመጡ ይችላሉ፤ አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን በዚህ ብዙም አይታሙም። ግፊቱ ራሱና ስኳሩም ቢሆን ያመጡታል። አፍ አልፈታ ካለ ወረቀት ላይ ጽፈው ለሐኪሙ ይስጡት፤ እኛ ክፍል ውስጥ በየጊዜው የምንሰማው ነገር ስለሆነ አያሳፍርም። የቪያግራ ዓይነት ኪኒን በራስዎ አይግዙ፤ ለደረት ውጋት ከሚወሰደው ናይትሮግሊሰሪን ጋር ከተገናኘ ግፊቱን በአደገኛ ሁኔታ ይጥለዋል።

ጨው የኪኒኑን ቁጥር ይወስናል፤ ጨው የሚቀንስ ሰው ባነሰ መጠን ሊኖር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል። እኛ ቤት ጨው የሚገባው ድስቱ ላይ ብቻ አይደለም። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ወጡ ሲሠራ ይደገማል፣ ሚጥሚጣው ላይ አለ፣ ቋንጣው ላይ አለ፣ የሾርባ ኩቡ ራሱ በአብዛኛው ጨው ነው፣ ቡናውን በጨው የሚጠጣም አለ። የዓመቱን በርበሬና ሽሮ ሲያዘጋጁ ጨው አለማስገባት ከሁሉ የቀለለው መንገድ ነው፤ በኋላ ድስቱ ላይ የምትጨመረዋ ትታወቃለች። ለበሽተኛው ለብቻ ከማብሰል የቤቱን ሁሉ ጨው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መቀነስ ይሻላል፤ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል፣ ልጆቹም ይጠቀማሉ። የጨው ምትክ ተብሎ የሚሸጠው ፖታሲየም አለበት፤ ኢናላፕሪልና ሎሳርታንም ፖታሲየምን ከፍ ስለሚያደርጉ እነሱን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጠቀም። ጫት ለሰዓታት ግፊትንም የልብ ምትንም ከፍ ያደርጋል። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሺፈራው የሚወስዱ ከሆነ ይናገሩ፤ አንቆጣም። ኪኒኑን ተክተው ከሆነ ግን ማወቅ አለብን።

ልኬት ከተሳሳተ ሁሉም ነገር ይሳሳታል። ቡና፣ ሲጋራና ድካም ያለበት ሥራ ካለፈ 30 ደቂቃ ይሁነው። ሽንት ይሽኑ። ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይጠላለፍ መሬት ረግጦ፣ ክንድ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል አርፎ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ማሰሪያው በራቁት ክንድ ላይ ነው የሚታሰረው፤ በሹራብ ወይም በጋቢ ላይ አይሆንም። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ማሰሪያ ቁጥሩን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል፤ በዚህ ብቻ መድኃኒት የሚጨመርበት ሰው አለ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለኩ። ጠዋት ኪኒን ከመዋጥዎ በፊት፣ ማታም ከእራት በፊት ለ7 ቀን ይጻፉ፤ የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀረውን አማካይ ያውጡ። ግፊት ከፍ ብሏል የሚባልበት ወሰን ክሊኒክ ላይ 140/90፣ ቤት ውስጥ ግን 135/85 ነው። ቀኑን ሙሉ እየለኩ መጨነቅ ግን ራሱ ያስነሳዋል፤ የሚለኩበት ሳምንት ይኑርዎት፣ በቀረው ጊዜ ማሽኑን መሳቢያ ውስጥ ያስገቡት።

ራስ ምታትን ጠብቆ የሚውጥ ሰው ብዙ ነው። ግፊት 180 ሆኖ ራስ ላያም ይችላል፣ 125 ሆኖም ያማል። ቁጥሩ 180/120 ደርሶ ሌላ ስሜት ከሌለ ተቀምጠው አርፈው ደግመው ይለኩ፣ የዘለሉትን ኪኒን ይውሰዱ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይታዩ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የአንደበት መያዝ፣ የዓይን ብዥታ ካለ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል። ኒፈዲፒንን አኝኮ ወይም ምላስ ሥር አድርጎ በፍጥነት ለማውረድ መሞከር ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል፤ ጎረቤት ቢመክርዎም አይሞክሩት። ቀስ ብሎ እንዲሠራ የተዘጋጀው የ20 ሚሊግራም ኪኒንም አይሰበርም፣ አይፈጭም።

አንድ ቀን ቢረሱ ሲያስታውሱ ይውሰዱ፤ የቀጣዩ ሰዓት ከደረሰ ያለፈውን ይተዉት፣ ሁለት አይደርቡ። አምሎዲፒን ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ አንድ ቀን ቢያመልጥ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ኪኒን አልቆ የሚያልፈው ሳምንት ነው። ጳጉሜን እዚህ ላይ ተንኮለኛ ናት፦ ነሐሴ 5 ቀን 30 ፍሬ ወስዶ ለመስከረም 5 የተቀጠረ ሰው ኪኒኑ ጳጉሜ 4 ያልቅበታል፣ በዓሉን ያለ መድኃኒት ይውላል። አንድ ሳምንት ሲቀር ይግዙ። ዋጋ ካስቸገረ የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆኑ በመድኑ ያገኙት እንደሆነ ጤና ጣቢያዎን ይጠይቁ፤ አዲስ አበባ ላሉ ደግሞ ከነማ ፋርማሲና የቀይ መስቀል ፋርማሲ ከግል ጋር ዋጋ ሊነጻጸርባቸው የሚገቡ ቦታዎች ናቸው። ፋርማሲው «የለም፣ ይኸኛው ያው ነው» ካለዎት ከሥሩ የተጻፈው ስምና ሚሊግራም አንድ መሆኑን እዚያው ያረጋግጡ።

መውለድ የምታስብ ወይም የወር አበባዋ የቀረ ሴት ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ላይ ከሆነች ሳትውል ሳታድር ትናገር፤ ሁለቱም ፅንስ ይጎዳሉ። በምትካቸው ሜቲልዶፓ ወይም ኒፈዲፒን አለ፤ ያለ መድኃኒት መቆየትም ለእርሷ አደጋ ነው።

ቀጠሮ ላይ ሐኪሙ ጋ የሚቆዩት ጥቂት ደቂቃ ነው። በአንድ ቁራጭ ወረቀት የሰባቱን ቀን ልኬት፣ የኪኒኖቹን ስምና ሚሊግራም፣ ስንቱን እንደዘለሉ፣ የሚያስቸግርዎ ነገር ከየትኛው ኪኒን በኋላ እንደጀመረና በስንት ሰዓት እንደሚብስ ጽፈው ይግቡ። ስንቱን እንደዘለሉ እውነቱን ይጻፉ፤ ሐኪሙ ሁሉንም እየዋጡ ነው ብሎ ካመነ መጠኑን ከፍ ያደርገዋል፣ እርስዎም አንድ ቀን ሁሉንም በትክክል ሲወስዱ ግፊትዎ ከሚገባው በታች ይወርዳል። ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ከጀመሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የክሬያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ) እና የፖታሲየም የደም ምርመራ ካልታዘዘልዎ ይጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ቢያንስ በዓመት አንዴ ከሽንትና ከስኳር ጋር ይደገም።